«ብቻዋንማ አትሄድም»

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተራዊሕ ተሰግዶ አብቅቷል። ከመስጂዱ የሚወጣው ሰው ጫማውን እየፈለገ፣ ልጁን እየጠራ፣ አጥፍቶት የነበረውን ስልክ እየከፈተ በየአቅጣጫው ይበተናል። ወደ ታች ሰፈር የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፤ መብራቱም ከተቃጠለ ሰንብቷል። ከቆርቆሮ አጥሩ ጥግ ባለ አግዳሚ ላይ ሦስት አዛውንቶች ተቀምጠዋል። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዘዋል፤ አንዱ ሙስበሓቸውን ይቆጥራሉ፤ ሦስተኛው ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳሉ። ለማያውቃቸው ሰው ነፋስ ሊቀበሉ የወጡ ይመስላሉ።

ሁለት ልጃገረዶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው መጡ። ባትሪው በራ። «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ፤ ከዚያ መንገዱን» አሉ ባለ ባትሪው። ልጆቹ እየሳቁ ታዘዙ። ብርሃኑ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኛቸው። እዚያ ደግሞ ሌላ አግዳሚ፣ ሌላ ባትሪ አለ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ የረመዳን ገጻችን ስለ ኢፍጣር ማዕድ፣ ስለ ሶደቃ፣ ስለ ልጆች የመጀመሪያ ጾም ብዙ ጊዜ ጽፈናል። በዚህ ሳምንት መርካቶ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ ሰፈር ጎራ ያልነው ግን በጡረታ ዕድሜያቸው የሰፈራቸውን ሰላም ሊጠብቁ፣ ወንጀል የደረሰበትንም ሰው ሊደግፉ ጊዜያቸውን የሰጡ አባቶችንና እናቶችን ለማየት ነው። ስማቸውንም የሰፈሩንም ስም እንዳንጽፍ ለምነውናል። ምክንያታቸው ትሕትና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከጎኗ የቆሙላት የአንዲት ልጅ ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት ስለሆነ ነው። ስለዚህ እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው አንዱን «ሐጂ»፣ አንዷን «እማማ» ብለን እንለፍ።

ነገሩ የተጀመረው በጫማ ነው። ከመስጂድ በር ጫማ ይጠፋ ነበር። ቀጥሎ ስልክ መነጠቅ መጣ። ሰፈሩ እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በየወሩ እያዋጣ የሌሊት ጥበቃ ቀጥሯል። ጥበቃው ግን ሥራ የሚገባው ዘግየት ብሎ ነው። ሌቦቹም ይህን ያውቃሉ፤ የሚመጡት ተራዊሕ ሲያልቅና ጥበቃው ገና ሳይገባ ባለችው ሰዓት ነው። የሰፈሩ የኮሚዩኒቲ ፖሊስ ባልደረባ ይህንን ክፍተት በዕድር ስብሰባ ላይ ሲያነሳ ወጣቶቹ ሥራ ውለው መድከማቸውን ተናገሩ። በዚህ መሐል ሐጂ እጃቸውን አወጡ። «እኛ እንደሆን እስከ ሱሁር እንቅልፍ የለንም። ቤት ተቀምጠን ጉልበታችንን ከምናሽ መንገድ ላይ ተቀምጠን ብናሸው ምን አለበት?» አሉ። ተሳቀ። በማግስቱ አግዳሚው ወጣ።

ሥራቸው ሌባ ማሳደድ አይደለም፤ ማሳደድም አይችሉም። ሥራቸው መታየት ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በሚከፍትበት በር ሳይቀር ያውቁታል። ማጅራት መቺና ቀማኛ የሚፈልገው ደግሞ ማንም የማያውቀው ጥግ ነው። አንድ እንግዳ ወጣት ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ካለ ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሰላሙ ዓለይኩም! ማንን ፈልገህ ነው ልጄ? ላሳይህ?» ይሉታል። ቤት የጠፋበት ከሆነ ይታገዛል። ሌላ ሐሳብ የነበረው ከሆነ ፊቱ መታየቱን ያውቃል። ወደ ጠብ የሚያመራ ነገር ካለ በነፃ የፖሊስ ስልክ 991 ይደውላሉ እንጂ ከመቀመጫቸው አይነሱም።

አንድ ምሽት ግን ተነስተዋል። የአንዲት እናት ስልክ ተነጥቆ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወጣቶች ተሯሩጠው ልጁን ያዙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም፤ በየከተማው ያየነው ነው። ድንጋይ ያነሳም ነበር። ሐጂ እየተንገዳገዱ ደርሰው ጋቢያቸውን ልጁ ላይ ጣሉና በላዩ ጎንበስ አሉ። «መምታት የፈለገ በእኔ በኩል ይምታው» አሉ። በ70ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። እጆች ወረዱ። ፖሊስ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆዩ። ስልኩ ከልጁ ኪስ ተገኘ፤ ለፖሊስ ተሰጠ። ሐጂ ያን ሌሊት ምን እንዳሰቡ ስንጠይቃቸው የመለሱልን ስለ ሌባው አልነበረም። «ድንጋይ ያነሳው የጎረቤቴ ልጅ ነበር። 12ኛ ክፍል ነው። ቢወረውረው ኖሮ እሱም ይታሰር ነበር» ነው ያሉን።

አግዳሚው በዓይን የሚታይ ነው፤ ፎቶም ያምርበታል። እኛ ግን ሁለት ቀን ካሳለፍን በኋላ የአዛውንቶቹ ትልቁ ሥራ ሌላ ቦታ እንዳለ ተረዳን። እሱም ጠዋት የሚጀምር፣ በአብዛኛው በእናቶቹ ትከሻ ላይ ያለ ሥራ ነው።

የተሰረቀ ወይም የተደበደበ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ማድረግ እንዳለበት አያስታውስም። ስልክ የተነጠቀ ሰው ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። በዚያው ሰዓት ሌባው በቴሌብርና በባንክ ሒሳቡ ላይ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ እማማ ሰው ቤት ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሲም ካርዱን አዘጋችሁት?» የሚል ነው። በሌላ ሰው ስልክ 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ 127 ደውሎ ቴሌብሩን ማስቆም፣ ባንኩን ማሳወቅ፤ ማልቀስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እማማ አንድ ደብተርም አላቸው። የልጅ ልጃቸው *#06# ሲደወል ስልኩ ላይ የሚመጣውን 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ስታሳያቸው የሰፈሩን እናቶች ስልክ በሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ አስመዘገቡ። ፖሊስ የተሰረቀ ስልክ ሲያገኝ ማን እንደሆነ ባለቤቱ የሚለየው በዚህ ቁጥር ነው። እማማ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ቁጥሮቹ በትልልቁ፣ በየስማቸው ትይዩ ተጽፈዋል።

ከደብተሩ የሚበልጠው ግን አብሮ መሄዳቸው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ገብታችሁ የማታውቁ ከሆነ ላይገባችሁ ይችላል። አግዳሚው ላይ ብቻ መቀመጥ፣ ቃልን ደግሞ ደጋግሞ መናገር፣ መርማሪው ወጥቷል ነገ ተመለሱ መባል፣ የበደለው ሰው ዘመዶች በኮሪደሩ ማዶ ሲያፈጡ ማየት። ብዙ ተበዳይ ጉዳዩን የሚተወው ፍትሕ ስለማይፈልግ አይደለም፤ ሁለተኛ ቀን ብቻውን ወደዚያ መመለስ ስለሚከብደው ነው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስለ ሕግ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከጎኑ ይቀመጣሉ። «እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው መጠበቅ ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ፣ ጣቢያውን ባንጠቅሰው ይሻላል፣ ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት በጾም አስጠብቀዋቸው ነገ ኑ አሏቸው። በነጋታው ሲመለሱ እማማ አራት የሰፈር እናቶች አስከትለው ነበር። ቃል መቀበሉ ያን ቀን አለቀ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ።

ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ያደጉት አባጋሮች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስቀምጠው ሲያስታርቁ እያዩ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ተማምሎ፣ ጥፋተኛው ካሳ ከፍሎ፣ ደም ሲደርቅ አይተዋል። በእርቅ ያምናሉ። እኛም እናምናለን፤ ይህ ባህል ባይኖር ስንት ቤት በቂም በቀል ፈርሶ ነበር። ነገር ግን ሐጂ በሦስተኛው ምሽት፣ ሌሎቹ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ያልጠየቅናቸውን ነገረን።

ከ15 ዓመት በላይ ይሆነዋል። በሰፈሩ አንድ ልጅ አንዲትን የጎረቤት ልጅ ደፈራት። የሁለቱም አባቶች የአንድ መስጂድ ሰዎች ነበሩ። ሐጂና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ። ተቀመጡ፣ ተመከረ፣ የልጁ አባት ገንዘብ አወጣ፣ የልጅቷ አባት ተቀበለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተበላ። «ሁሉም ተጠየቀ» አሉ ሐጂ። «አባቷ ተጠየቀ፤ አጎቷ ተጠየቀ። እሷ ጓዳ ነበረች። አልጠራናትም።» ልጅቷ ዓመት ሳይሞላ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። እስከ ዛሬ ቤት ስትደውል የሰፈሩን ሰው ሁሉ እየጠራች ሰላም በሉልኝ ትላለች። የሐጂን ስም አንስታ አታውቅም። ደፋሪው ልጅስ? ብለን ጠየቅን። ሐጂ ባትሪያቸውን አብርተው አጠፉት። «ሌላ ሰፈር ሄዶ ደገመው» አሉ።

«ዕርቅ ደም ያድርቅ» የሚለው ተረት ሁለት እኩል የሚሰሙ ወገኖችን ታሳቢ ያደረገ ነው። ጓዳ የተቀመጠችው ልጅ ወገን አልነበረችም። እኛ እንደምናየው ሽማግሌ ሊያጠፋ የሚችለው ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ጥፋቱም ከክፋት ሳይሆን ከሰላም ወዳድነት ስለሚመጣ ለማየት ያስቸግራል።

ሕጉም በዚህ ላይ የራሱ ድንበር አለው። በ1996 ዓ.ም የወጣውና ከግንቦት 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ እንደ ስድብ ያሉ ቀላል ወንጀሎችን ተበዳዩ ራሱ አቤቱታ ካላቀረበ በስተቀር አያስከስስም። አቤቱታውም በደሉን ወይም በዳዩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እዚህ ላይ የሽማግሌ እርቅ ሙሉ ቦታ አለው፤ ጎረቤትን ከፍርድ ቤት ደጅ ያድናል። አስገድዶ መድፈርና ከባድ የአካል ጉዳት ግን ከዚህ ውጪ ናቸው። ከሳሹ መንግሥት ነው። አባት ይቅር ቢል፣ ሽማግሌ ቢጨርሰው፣ ካሳ ቢከፈልም ወንጀሉ ወንጀል ሆኖ ይቀራል። ካሳን በተመለከተም ቢሆን ሕጉ መንገድ አበጅቷል፤ በአንቀጽ 101 መሠረት ተበዳይ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲከፈለው ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይችላል። ገንዘቡን ለማግኘት የግድ ክሱን መሸጥ አያስፈልግም ማለት ነው።

ለአንባቢዎቻችን ሌላም ግልጽ ልናደርገው የሚገባ ነገር አለ፤ በየጊዜው ሲደባለቅ እንሰማለንና። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ሥልጣን የተሰጣቸው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ የውርስ፣ የስጦታና የወቅፍ ጉዳዮችን እንዲያዩ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የሚፈቅደው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው። ስለዚህ ባሏ የሚደበድባት ሴት ቀለቧንና ፍቺዋን በሸሪዓ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች፤ ድብደባው ግን የወንጀል ጉዳይ ነው፤ ቦታው ፖሊስ ጣቢያ ነው። የወንጀል ሕጉ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በአንቀጽ 564 ለይቶ አስቀምጦታል። አንዱን በር ማንኳኳት ሌላውን አይዘጋም።

ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጉዳይ እንደገና የሐጂን በር አንኳኳ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። በከተማው አንድም ዘመድ የላትም። ጥቃት ያደረሰባት የአሠሪዋ ዘመድ ነው። የቤቱ ሰዎች ሐጂን ጠርተው፣ በአክብሮት ቡና አፍልተው፣ «ለስሟም ይበጃል፤ ገንዘብ ይዛ ወደ አገሯ ትግባ» አሉ። ሐጂ ቡናውን አልጠጡም። ጾም አልነበረም። ወጥተው በቀጥታ እማማ ቤት ሄዱና «እኔ የምይዘው ጉዳይ አይደለም፤ አንቺ ልጅቷን ጠይቂያት» አሏቸው።

እማማ ጠየቋት። ብዙ ሰዓት ፈጀ። ልጅቷ መጀመሪያ ገላዋን መታጠብ ፈልጋ ነበር። እማማ ከአንድ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ የሰሙት ትዝ አላቸው፤ ከእንዲህ ያለ ጥቃት በኋላ ሐኪም ሳያይ መታጠብ ማስረጃ ያጠፋል፤ ልብሱም ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓት አለው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጣል። በዚያው ሌሊት በታክሲ ወደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሄዱ። እዚያ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውና የሕግ ድጋፉ በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሳሰሉ ድርጅቶች መጠጊያ ቤት አላቸው። ይህንን ሁሉ የጻፍነው እማማ «ጻፉት፤ እኔ እየጠየቅሁ ነው ያገኘሁት፤ ሌላዋ እናት እንዳትንከራተት» ስላሉን ነው።

ልጅቷ እማማ ቤት ከረመች። አላናገርናትም፤ ማናገርም አልፈለግንም። እማማ የነገሩን አንድ ነገር ግን ከውስጣችን አልወጣም። የመጀመሪያው የቀጠሮ ቀን ልጅቷ «እማማ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ እርስዎ ይደክማዎታል» አለቻቸው። እማማ መልስ ሳይሰጡ ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። ልጃቸው ከጓዳ ሆና «ብቻዋንማ አትሄድም» አለችና ልጅቷን ወደ በሩ ገፋ አደረገቻት።

ረመዳን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ተጨማሪ ጭንቀት አለ። አንዳንዷ መድኃኒቱን በቀን መዋጥ ጾሜን ያፈርሳል ብላ ታዘገያለች። የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲከፍል መፈቀዱን እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ግን በድንጋጤ ውስጥ ላለች ልጅ ይህንን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እማማ በዚህ ጉዳይ የመስጂዱን ኢማም አስቀድመው አነጋግረው፣ እሳቸውም ለሴቶቹ እንዲናገሩ አድርገዋል። ብልህነታቸውን እዚህ ላይ አየን፤ ችግር ሲመጣ ፈትዋ ፍለጋ አይሮጡም።

ሁሉም የተሳካ አይምሰላችሁ። ሁለቱ አባቶች ዘንድሮ በጉልበት ሕመም ቀርተዋል። አንዲት እናት የተበዳይን ወሬ ቡና ላይ በማውራታቸው ከሥራው እንዲያርፉ ተደርገዋል፤ ይህ ለእማማ ከባዱ ውሳኔ ነበር፤ ጓደኛቸው ናቸውና። የአሠሪዋ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ሐጂን ሰላም አይላቸውም። በጁምዓ ሶፍ ላይ አጠገባቸው ከሆኑ ቦታ ይቀይራሉ። ሐጂ ይህንን ሲነግሩን ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ቤተሰብ ምን ያግዝ ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ አጭር ነው። የታክሲ ገንዘብ። ሻይ። እማማ ጣቢያ ሲውሉ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው። አንድ አምፖል፤ ያች የተቃጠለችው መብራት ብትሠራ ግማሹ ሥራ ይቀልላቸዋል። ከዕድሩ ሳጥን ለዚህ የተመደበ ገንዘብ የለም፤ ዕድር የሚያውቀው ለሞተ ሰው ማውጣትን ነው። ለተበደለ ሰው ማውጣትም ይገባል የሚል ሐሳብ በዘንድሮው ስብሰባ ቀርቦ ገና እየተከራከሩበት ነው። እኛ ሐሳቡን እንደግፋለን።

ከሰፈሩ የወጣነው ከመግሪብ በፊት ነበር። እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቴምር ከሳህን ወደ ትንሽ ላስቲክ ይቆጥራሉ። የጎረቤት ልጅ ሱቁ ተሰብሮበት ቃል ሊሰጥ ጣቢያ ተጠርቶ ነበርና አብረውት ሊሄዱ ነው፤ አዛን እዚያው ያገኛቸዋል። ሰባት ቴምር ቆጠሩ። ለእሳቸው፣ ለልጁ፣ ቃል ለሚቀበለው ፖሊስ፤ የቀረው ደግሞ አግዳሚው ላይ ለሚያገኙት ሰው ነው። ደብተራቸውን አንስተው በመጨረሻው ገጽ ላይ የተጻፈውን አሳዩን። የልጅቷ ቀጣይ ቀጠሮ ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል የሁለት እናቶች ስም ተጽፏል፤ አንዷ አብራ የምትሄደው፣ ሌላዋ እሷ ካልቻለች የምትተካው።